ልጁን ማን ይይዝላታል?

ይድረስ፦ በጅቡቲ ለምንኖር ኢትዮጵያውያን ዕድርተኞች፣ ለማኅበራችን ሽማግሌዎችና ለሁለቱም ሃይማኖት አባቶቻችን
ጉዳዩ፦ እንድፈርም ስለተሰጠኝ ወረቀት



ባለፈው ወር መጨረሻ ራስ ዲካ ባለው ቤቴ የሦስት ሰው ደም ግፊት ለክቼ ሳበቃ፣ አንድ የማከብራቸው ሽማግሌ ከቦርሳቸው ባለ ሁለት ገጽ ወረቀት አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አኖሩልኝ። አዲስ አበባ፣ ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የሚላክ አቤቱታ ነው። በአገራችን ውርጃ ያለ አንዳች ልዩነት ይከልከል፣ የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 551 ይሰረዝ፣ ማኅበረሰቡም ከግብረ ገብ ዝቅጠት ይዳን ይላል። ከሥሩ ሠላሳ አንድ ፊርማ አለ። ቆጥሬዋለሁ። የሴት ስም አራት ነው።

«ሲስተር፣ አዋላጅ ነሽ፤ ያንቺ ስም ከሌለበት ክብደት አይኖረውም» አሉኝ። ላስብበት አልኩ። አስቤ ጨርሻለሁ፤ አልፈርምም። ምክንያቴን በቃል ላስረዳ ሞክሬ ነበር፤ እንደምታስታውሱት የመጀመሪያው ቡና ሳይቀዳ ሦስት ሰው ከአፌ ነጠቀኝ። ወረቀት ላይ አትነጥቁኝም ብዬ ነው ይህን የምጽፈው።

አንድ ነገር አስቀድሞ ይታወቅልኝ። ፅንስ ምንም ማለት አይደለም ከሚሉት ወገን አይደለሁም። ሃያ ሁለት ዓመት ወሎ ውስጥ በአዋላጅ ነርስነት ሠርቻለሁ። ፒናርድ የምንላትን እንደ ትንሽ መለከት ያለች ማዳመጫ በስንት እናት ሆድ ላይ አሳርፌ ጆሮዬን እንደደፋሁ ቁጥሩን አላውቀውም። ትርታው ሲገኝ የእናቲቱ ግንባር እንዴት እንደሚፈታ፣ ሲጠፋ ደግሞ እኔው ቀና ለማለት እንዴት እንደምፈራ አውቃለሁ። ስለዚህ ሕይወት ክቡር ነው ብላችሁ እኔን ለማስተማር አትድከሙ፤ በዚህ አንጣላም። የምንለያየው፣ ሕግ በመከልከሉ ሰው የተሻለ ሰው ይሆናል ወይ በሚለው ላይ ነው። እናንተ ይሆናል ትላላችሁ። እኔ በክልከላው ውስጥ ሁለት ጊዜ ኖሬበታለሁ፤ አንዴ አገሬ፣ አሁን ደግሞ እዚህ።

ሥራ ስጀምር በ1980ዎቹ መጀመሪያ የነበረው የ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ነው። የእናቲቱን ሕይወት ወይም ጤና ከከባድ አደጋ ለማዳን ካልሆነ በቀር ማስወረድ ወንጀል ነበር። ለዚያችም ቀዳዳ አንድ ሐኪም በጽሑፍ ማረጋገጥ፣ ሁለተኛው ሐኪም መስማማት ነበረበት። የወረዳ ሰው ሁለት ሐኪም ከየት ያመጣል? በተግባር ሲታይ፣ እናንተ ዛሬ ከምትጠይቁት ሕግ ብዙም አይርቅም።

የማህፀን ክፍላችን አሥራ ስምንት አልጋ ነበረው። በመስኮቱ በኩል ያሉትን አራቱን ለእነዚያ ሴቶች እንተዋቸው ነበር፤ ሽታው ሌሎቹን እንዳያስቸግር። ማህፀኗ ተመርዞ የምትመጣ ሴት ሽታ ከእሷ ቀድሞ ኮሪደሩ ላይ ይደርሳል። አንድ ቀን ከሐይቅ ማዶ በቃሬዛ የመጣች ልጅ ነበረች፤ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ፣ በእናቷ ነጠላ የተጠቀለለች። «ምን ሆነሽ ነው?» አልኳት። «እንስራ ተሸክሜ ወደቅኩ።» እናትየዋ «ወደቀችብኝ» አለች። ቃሬዛውን ከተሸከሙት አንዱ አጎቷ ነበር፤ እሱም «ወድቃ ነው» አለ። ሐኪሙ እኔን አየኝ፣ እኔም ሐኪሙን አየሁት። ካርዱ ላይ «ኢንኮምፕሊት አቦርሽን»፣ ያልተሟላ ውርጃ፣ ብሎ ጻፈና መንስኤው የሚጻፍበትን መስመር ባዶ ተወው። ሁላችንም እንደዚያ ነበር የምናደርገው። ብንጽፈው ፖሊስ ይመጣል።

በሦስተኛው ሌሊት መብራት ጠፍቶ በሻማ መርፌ ስወጋት እጄን ያዘችኝ። «ሲስተር፣ አልወደቅኩም» አለችኝ። ለማንም እንዳልናገር አስማለችኝ። ውስጧ የተበሳ አንጀት እንደነበር የገባን ያኔ ነው። በመጣችበት ሰዓት እውነቱን ብታወጣው ያኔውኑ ኦፕራሲዮን ክፍል ትገባ ነበር። በማግሥቱ ጠዋት አረፈች። ማን እንዳስረገዛት አንድም ሰው አልጠየቀም። አጎቷ ቀብሯ ላይ አልታየም ሲሉ ኋላ ሰማሁ።

ይህን የምጽፈው አንጀታችሁን ለመብላት አይደለም። ያን ክፍል መለስ ብዬ ሳስበው ጎልቶ የሚታየኝ ከሞቱ ይልቅ ውሸቱ ነው። ልጅቱ ዋሸች፣ እናቷ ዋሸች፣ አጎቷ ዋሸ፣ ሐኪሙ በዝምታ ዋሸ፣ እኔ ደግሞ በየወሩ ሪፖርት ስሞላ ዋሸሁ። ወደ ጤና ቢሮ የሚሄደው ወረቀት ላይ የወሎ ሴቶች ሁሉ ከደረጃ የሚወድቁ፣ እንስራ የሚከብዳቸው ፍጥረቶች ነበሩ። ግብረ ገብ እንዲጠብቅ የወጣው ሕግ አንድ ሙሉ ሆስፒታል ዋሾ አድርጎ ነበር የሚያውለው። ያስረገዘ ወንድ በዚህ ምክንያት ሲከሰስ በሃያ ሁለት ዓመት አንድም ቀን አላየሁም። በዚያ ዘመን ከእናቶች ሞት ሲሦ የሚጠጋው ጥንቃቄ ከጎደለው ውርጃ እንደሚመጣ የጤና ባለሥልጣናቱ ራሳቸው ይናገሩ ነበር። ታዲያ ሴቶቹ ማስወረዱን ትተውት ቢሆን ኖሮ በምን ይሞቱ ነበር?

በነገራችን ላይ ወረቀታችሁ «ውርጃ» ይላል፤ የወንጀል ሕጉ «ጽንስን ማቋረጥ» ይላል። ሴቶቹ አንዱንም አይሉም። «ሲስተር፣ እባክሽ አንድ ነገር አድርጊልኝ» ነው የሚሉት።

ከዚያ አዲሱ የወንጀል ሕግ መጣ። የማህፀንና ፅንስ ሐኪሞች ማኅበርና የሕግ ባለሙያ ሴቶች ማኅበር ብዙ ወትውተውበታል፤ ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ጀምሮ ጸና። ወረቀቱን ያረቀቃችሁት ሰዎች አንቀጹን አግኝታችሁ ያነበባችሁት አይመስለኝም፤ «ልቅ የተደረገ» ብላችሁ ጽፋችኋልና። ሕጉ ዛሬም ማቋረጥን ወንጀል ይለዋል። አንቀጽ 551 ያወጣው ልዩ ሁኔታዎችን ነው፦ ከመደፈር ወይም በሥጋ ዘመዳሞች መካከል የመጣ እርግዝና፣ ለሕይወት ወይም ለእናቲቱ ጤና አደጋ የሆነ እርግዝና፣ የማይድን ከባድ ጉድለት ያለበት ፅንስ፣ እንዲሁም በአካል ወይም በአእምሮ ጉድለት ወይም በዕድሜዋ ልጅነት የተነሳ ልጅ ለማሳደግ የማትችል እናት። የከፋ ድህነት እንኳ ቅጣት ያቀልላታል እንጂ አይፈቅድላትም።

ለእኔ ትልቋ ለውጥ አንቀጽ 552 ውስጥ የገባች አንዲት ዓረፍተ ነገር ናት። ተደፍሬ ነው ወይም ዘመዴ ነው ያስረገዘኝ ያለች ሴት ቃሏ ራሱ በቂ ማስረጃ ነው፤ የፖሊስ ወረቀት አምጪ፣ ሰውየውን አቅርቢ አትባልም። «እንደሱ ከሆነማ ሁሉም ተደፈርኩ ይላላ!» ብላችሁኛል። የሚሉ አሉ፤ አጋጥመውኛል፤ ስትዋሽ ደግሞ ይታወቀኛል። ግን ሁለቱን ውሸቶች ጎን ለጎን አስቀምጧቸው። ያኛው፣ የእንስራው ውሸት፣ ልጅቱን ከሐኪም አርቆ መቃብር ያወርዳታል። ይህኛው ሐኪም ዘንድ ያመጣታል። ከመጣች በኋላ እናወራለን፤ ተነጋግረን ሐሳቧን ቀይራ ወልዳ፣ ልጇን አቅፋ ልታሳየኝ የተመለሰች አለች። በእንስራው ዘመን እንዲህ ያለ ወሬ ለማውራት ጊዜም አፍም አልነበረንም።

ቁጥሩን ከደበቅኩ እኔም ወደ ድሮው ሪፖርቴ ተመለስኩ ማለት ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2008 በኢትዮጵያ በዓመት 382,000 ገደማ ፅንስ የማቋረጥ ድርጊት እንደተፈጸመ በጥናት ተገምቷል፤ በ2014 ደግሞ 620,000 ገደማ። ሕዝቡ ጨምሯል፤ ነገር ግን መጠኑም በመውለጃ ዕድሜ ካሉ 1,000 ሴቶች ከ22 ወደ 28 ከፍ ብሏል። «ይኸውልሽ!» ስትሉ ከዚህ ይሰማኛል። አዎ፣ ይኸው። አብሮ የመጣውን ቁጥር ግን አትዝለሉት። በመጀመሪያው ጥናት በጤና ተቋም የተከናወነው 27 በመቶ ብቻ ነበር፤ በሁለተኛው 53 በመቶ ደርሷል። የቀረው ግማሽ ያህል ሕጉ ከተሻሻለ ከዘጠኝ ዓመት በኋላም በጓሮ በር ነበር የሚያልፈው፤ ርቀቱ፣ አለማወቁና አንገት ማስደፋቱ ከሕጉ ይበልጣልና። የእናቶች ሞት በበኩሉ በ2000 በሕይወት ከተወለዱ 100,000 ልጆች አንጻር 871 የነበረው በ2016 ወደ 412 ወርዷል። ይህን ሁሉ አንቀጽ 551 አመጣው ብል እዋሻለሁ፤ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞቹ አሉ፣ አምቡላንሱ አለ፣ የእርግዝና መከላከያም አለ፤ ካገቡት ሴቶች ተጠቃሚው በእነዚያው ዓመታት ከ8 በመቶ ወደ 36 በመቶ አድጓል። እኔ በዓይኔ ያየሁት አንድ ነገር ነው። በመስኮቱ በኩል ያሉት አራት አልጋዎች ባዶ ማደር ጀመሩ፤ ኋላ ላይ ለቄሳሪያን እናቶች ሰጠናቸው።

ከዚያ ባለቤቴ ትራንዚት ሥራ ወደብ ላይ ስላገኘ እዚህ መጣሁ።

እንግዲህ የዚህን አገር ነገር እናንሳ፤ ወረቀታችሁ የረሳው እሱን ነው። ለምትመኙት የሚቀርብ ሕግ በምንኖርበት ከተማ አለ። እንደ አውሮፓውያን በ1995 የወጣው የጅቡቲ የወንጀል ሕግ ለሕክምና ምክንያት ካልሆነ በቀር ማቋረጥን ይከለክላል። ክልከላ ሰውን የሚያጸዳ ቢሆን የሃያ ደቂቃ መንገድ ሄዳችሁ ማየት ትችሉ ነበር። ከፕላቶ ተነስታችሁ በድሮው ባቡር ጣቢያ በኩል ውረዱ፣ ካርቲዬዎቹን አቋርጡ፣ ባልባላ ድረስ ዝለቁ። ከአገራችሁ ልጆች ጋር ቁጭ ብላችሁ አውሩ። ከአዲስ አበባ ሰው በምን እንበልጣለን? ባለፀጋ ቤት የተወለደችዋ ቪዛ አላት፤ ፈረንሳይ ከ1975 ጀምሮ የፈቀደች፣ በመጋቢት 2024 ደግሞ ሕገ መንግሥቷ ውስጥ ያስገባች አገር ናት። የአውሮፕላን ቲኬት መቁረጥ ለምትችል ክልከላው የለም። የሚሠራው ለቦየሷ፣ ለቤት ሠራተኛዋ ነው።

አንዲት ቦየስ ልንገራችሁ። ስሟንም ሰፈሯንም አልጽፍም። ባለፈው ዓመት በኻምሲኑ ሰሞን፣ ሌሊት እንኳ ግድግዳው በሚፋጅበት ወቅት፣ ከምሽቱ አራት ሰዓት ላይ በሬን አንኳኳች። አሠሪዎቿ እስኪተኙ ጠብቃ ነው። ዕድሜዋ 19፣ የባቲ አካባቢ ልጅ። በሚሌ አድርጋ፣ የአፋርን በረሃ በእግር አቋርጣ፣ ታጁራና ኦቦክ ደርሳ በጀልባ ወደ የመን ከዚያም ሳዑዲ ልትሻገር ነበር ያሰበችው። ገንዘቧ መንገድ ላይ አለቀና እዚህ ሰው ቤት ገባች። ውኃ ሰጥቻት ጠጣች፤ ደገመች። ሆዷን ሳያት ነገሩ ገባኝ።

እንደ ነርስ የመጣልኝን ጠየቅኩ። «መከላከያ ወስደሽ አታውቂም?» «ወስጃለሁ። ስነሳ የሦስት ወሩን መርፌ ተወግቼ ነው የመጣሁት።» «ማን አስወጋሽ?» «እናቴ። እሷ ናት ጤና ጣቢያ የወሰደችኝ።» ለምን እንደሆነ ስጠይቃት እንደ ሞኝ አየችኝና «መንገዱን ታውቀዋለቻ» አለችኝ።

አባቶቼ፣ እዚህ ላይ ትንሽ ቆዩልኝ። አንዲት እናት፣ ምናልባት እንደናንተ የምትጾም የምትሰግድ፣ ልጇን ለስደት ስትሸኝ ከዳቦ ቆሎው ጋር መርፌ ስንቅ አድርጋ ትሰጣለች። እንደምትደፈር አስቀድማ አውቃ፣ ቢያንስ እንዳታረግዝ ብላ። ይህን የምታውቅ እናት ያለችበት አገር ግብረ ገቡ የጎደለው አንቀጽ 551 ላይ ነው? ስለዚያች መርፌ አቤቱታ ጽፎ ፊርማ ያሰባሰበ ሰው እስካሁን አላየሁም።

መርፌው የሦስት ወር ነው። እሷ እዚህ ከገባች ዓመት ከሁለት ወር ሆኗት ነበር። ማን እንደሆነ አልነገረችኝም፤ አልገፋኋትም። የምትተኛው ከኩሽናው ጎን ባለች ክፍል እንደሆነ ነገረችኝና «በሩ ቁልፍ የለውም» ብላ ዝም አለች። እኔ እዚህ አገር ደም ግፊት ከመለካት በቀር የምሠራበት ፈቃድ የለኝም፤ ሕጉንም ነገርኳት። ሰማችኝ። ከዚያ «እሺ ልውለደው፤ ልጁን ማን ይይዝልኛል?» አለች። ሆዷ ከገፋ ከሥራ ትባረራለች፤ ከተባረረች ማደሪያ የላትም፤ ወረቀት ስለሌላት ተይዛ ትመለሳለች፤ ባቲ ያለ አባት ልጅ ይዛ ብትገባ አባቷ በር አይከፍትላትም። ይህን ሁሉ በጣቷ እየቆጠረች ነገረችኝ፤ አላለቀሰችም። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ለሴት መልስ ስሰጥ የኖርኩ ሰው የምመልስላት አጣሁ። ሻይ አፈላሁላት።

ከዚያ ወዲህ አንድ ጊዜ ደወለችልኝ፣ ከባልባላ፣ በሰው ስልክ። ደህና ነኝ አለች። ድምፅዋ ደህና አልነበረም። መልሼ ስደውል ባለስልኩ አላውቃትም አለኝ።

ጅቡቲ እንደ አውሮፓ በ2005 ያጸደቀችው የአፍሪካ ሴቶች መብት ስምምነት፣ የማፑቶ ፕሮቶኮል፣ ተደፍራ ላረገዘች ሴት በሩ እንዲከፈት ይላል፤ የዚህ አገር የወንጀል ሕግ ግን ከዚያ በፊት የተጻፈ ነው። ይህን ማስተካከል የአገሩ ሰዎች ጉዳይ ነው፤ እንግዳ ነኝና አልገባበትም፤ ማንም ሕግ እንዲጥስም አልመክርም። የአገሬ ሕግ ግን ይመለከተኛል። የእናንተ አቤቱታ ከተሳካ ያቺ ልጅ የጋላፊን ድንበር ተሻግራ አገሯ ብትገባ እንኳ የሚጠብቃት እንደዚህ አገሩ ያለ ሕግ ነው።

አንድ ወንድማችን «ሌባም በሕግ አልጠፋም፤ ታዲያ ስርቆት ይፈቀድ?» ሲለኝ ጥሩ ጥያቄ ነው ብዬው ነበር፤ መልሴን ሳልጨርስ ግን ነጠቃችሁኝ። የተሰረቀ ሰው ሮጦ ፖሊስ ጣቢያ ይሄዳል። ሕጉ ለተጎዳው ወገን ቆሟልና። ያረገዘችዋ ልጅ ግን ተጎድታ ስታበቃ ከፖሊስም፣ ከሐኪምም፣ ከናንተም ትደበቃለች። የደፈራትን ብትከስ በምን እንዳረገዘች፣ እርግዝናው ምን እንደሆነ ትጠየቃለች። ስለዚህ እሷም ዝም፣ እሱም ነፃ።

ሕግ ምንም አያስተምርም ማለቴ እንዳይመስላችሁ። እዚሁ ያለ ምሳሌ ልስጥ። ይኸው የ1995ቱ የጅቡቲ ሕግ በአንቀጽ 333 የሴት ልጅ ግርዛትን ከልክሏል። ከአሥራ አንድ ዓመት በኋላ፣ በ2006፣ ከዚህ አገር ሴቶች 93 በመቶ የተገረዙ ሆነው ተገኙ። ወረቀቱ ብቻውን ምላጭ አላስጣለም። በትናንሾቹ ላይ እየቀነሰ የመጣው የአገሩ ሴቶች ራሳቸው በየካርቲዬው ቁጭ ብለው እናቶችን ማነጋገር ሲጀምሩ፣ ለገራዦቹ ሌላ መተዳደሪያ ሲፈልጉላቸው፣ ሼሆቹም ሃይማኖቱ አያዝም ሲሉ ነው። ጎረቤቴ የሆነች ጅቡቲያዊት አያት የበኩር ልጇን አስገርዛለች፤ የልጅ ልጇን ግን አላስነካችም። ሕጉን ጠቅሳ አታውቅም። «ልጄ ስትወልድ አየኋት» ነው የምትለው። ፅንሱም እንደዚያች ሕፃን ጠበቃ ያስፈልገዋል ትሉኝ ይሆናል። እሺ ብያለሁ። እንዲያ ከሆነ ጠበቆቹ ለእሱ ምን ይዘው መጡ? ቅጣት ብቻ?

ቅጣቱን እስከ መጨረሻው የገፋ አገር ታይቷል። የሮማኒያው ቻውሼስኩ በ1966 በአዋጅ ቁጥር 770 ከለከለ፤ የፋብሪካ ሴቶችን ማህፀን እስከማስመርመር ደርሶ ነበር። በመጀመሪያው ዓመት ወሊድ ጨመረ፤ ከዚያ ሴቶቹ መንገዱን አገኙና ተመልሶ ወረደ። አገዛዙ በታህሳስ 1989 ሲወድቅ ሮማኒያ በእናቶች ሞት ከአውሮፓ አንደኛ ሆና፣ ከ100,000 በላይ ሕፃናት በማሳደጊያ ተከማችተው ተገኙ። አዋጁ በተሻረ በዓመቱ የእናቶች ሞት በግማሽ ገደማ ቀነሰ። ሃያ ሦስት ዓመት ሙሉ የተከለከለ ሕዝብ ከጎረቤቶቹ ይበልጥ ጨዋ ሆነ የሚል ሰው አልሰማሁም።

አባ፣ ለእርስዎ ደግሞ አንድ ነገር። በ314 በዕንቆራ የተሰበሰቡት አባቶች ስላስወረደች ሴት ሲወስኑ፣ የቀደመው ሥርዓት እስከ ዕለተ ሞቷ ከቁርባን ያርቃት እንደነበረ አንሥተው፣ ራርተው ወደ አሥር ዓመት ንስሐ አወረዱት። አሥር ዓመት ከባድ ነው፤ ኃጢአት መሆኑንም አልካዱም። ግን ወዴት አቅጣጫ እንደሄዱ ይዩልኝ። ሼህም ቢሆኑ ፅንስ ነፍስ ስለሚዘራበት ጊዜ ያለውን የ120 ቀን ክርክር፣ የእናት ነፍስ አደጋ ላይ ስትወድቅም ሊቃውንቱ እናትን ማስቀደማቸውን ከእኔ ይልቅ ያውቁታል። ንስሐ የሚሰጥ አባት የልጅቱን ፊት ያያል፤ ዳኛ ግን የሚያየው መዝገብ ነው። እናንተ ያላችሁን ሥልጣን ትታችሁ የሌላችሁን ለምን ትለምናላችሁ?

ዕድራችን ሬሳ ወደ አገር ለመላክ ገንዘብ አለው። ባለፈው የሞተውን ሹፌር በሁለት ቀን ነው ያደረስነው፤ ኮራሁባችሁ። አራስ ለማቆየት ግን ሳንቲም የለንም። ከወሩ መዋጮ ትንሽ እንኳ ብንቀንስ ለአንዲት ልጅ አራት ወር ማደሪያና ወተት ይሆናል። ከእኛ መካከል ሠራተኛ ያላችሁ ብዙ ናችሁ፤ የምትተኛበትን ክፍል በር ዛሬ ማታ ሄዳችሁ እዩት። በር ላይ ቁልፍ መግጠም ከአቤቱታው ቴምብር አይበልጥም። አርግዛ የተገኘችውን ልጅ ከመዘምራን መካከል የሚያስወጣ አባት ደግሞ ያስረገዛትንም ፈልጎ ያስወጣ፤ ካልሆነ ሁለቱንም ይተዋቸው። ይህን የሚል ወረቀት አምጡልኝ፤ ከሁላችሁ ቀድሜ እፈርማለሁ።

የሰጣችሁኝን ወረቀት ሳልፈርምበት በልጄ እጅ መልሻለሁ። ጀርባው ላይ ግን ስልክ ቁጥሬን ጽፌበታለሁ፤ እባካችሁ እንደዚያች ላሉ ልጆች ስጡልኝ። ትልቁ ልጄ ስላገባ ከኋላ በኩል ያለው ክፍል ባዶ ነው፤ አንድ አራስ ከነልጇ ይበቃዋል። ባለፈው ሳምንት ቁልፍ አስገጥሜለታለሁ።

አክባሪያችሁ
ሲስተር፣ ከራስ ዲካ